ቫሌን ከወይኑ እስከ በረዶው በሦስት ቀን እንዴት እንደሚጎበኙ

ስዊዘርላንድ የሚሄድ ብዙ ሰው ቸኩሎ ዘርማት የምትባል የተራራ መንደር ይወጣል፣ የማተርሆርንን ተራራ ፎቶ ያነሳል፣ ይመለሳል። የቫሌ ካንቶን (ክልል) ግን ከታች ወደ ላይ ሲያዩት ነው የሚገባው። በረዶውን ለመጨረሻ አቆዩት።

መስከረም ላይ ሂዱ፤ ወይኑ የሚለቀመው ያኔ ነው። ማረፊያ ሲየር ከተማ ያዙ። ከጄኔቫ አውሮፕላን ማረፊያ ባቡር ሳትቀይሩ ትደርሳላችሁ። በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ የጄኔቫ ሐይቅ በዚያ ነው።

የመጀመሪያው ቀን የእግር ነው። ከሲየር እስከ ሳልገሽ መንደር በወይን ማሳዎች መሀል 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አለ። ረስፒ የሚባለውን ትንሽ ወንዝ ስትሻገሩ ቋንቋው ይቀየራል። ወዲህ ፈረንሳይኛ፣ ወዲያ ጀርመንኛ! ከሳልገሽ በባቡር ተመለሱና ማታ ራክሌት ብሉ። የቀለጠ አይብ ከድንች ጋር ነው፤ ለደከመ ሰው ፍቱን ነው።

በሁለተኛው ቀን ውሃውን ተከተሉ። ቫሌን ግራና ቀኝ የከበቡት ተራሮች ዝናቡን ስለሚያስቀሩበት ሸለቆው ደረቅ ነው። ገበሬዎቹ ከከፍታው ውሃ የሚያወርዱባቸውን ቦዮች ቢስ ይሏቸዋል። እኔ የምወደው በ1442 የተሠራውን የአያን ቢስ ነው። ከሲዮን ከተማ በአውቶቡስ ይደረሳል። አንዱ ክፍሉ ገደል ላይ በእንጨት የተንጠለጠለ ነው። የስዊዘርላንዱን ባለ 100 ፍራንክ ኖት ገልብጣችሁ እዩት፣ ሥዕሉ እዚያ አለ። ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚወርድ መንገዱ ብዙም ዳገት የለውም። ልጆች ካሉ ግን እጃቸውን አትልቀቁ።

በሦስተኛው ቀን ዘርማት። ፊስፕ ላይ ባቡር ቀይሩ። በመኪና የመጣ ቴሽ ላይ ያቆማል፤ ዘርማት ውስጥ ቤንዚን መኪና አይገባም። ከዚያ ከ1898 ጀምሮ የሚሠራው የጎርነርግራት ባቡር 3,089 ሜትር ያወጣችኋል። ከእንጦጦ ጫፍ ዝቅ ይላል፣ ግን ዙሪያው በረዶ ነው። ትኬቱ ውድ ስለሆነ የግማሽ ዋጋ ካርድ ያዙ። ከመግዛታችሁ በፊት የተራራውን ካሜራ በኢንተርኔት ተመልከቱ። ደመና ከሸፈነው ለነገ አስተላልፉት።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ሎይከርባድ ፍልውሃ ግቡ። ገንዳው ውጭ ነው፣ ከፊታችሁ ገደሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የዋና ልብስ እንዳትረሱ።