የድረ ገጽ ካርታን ከሙከራ ወደ አገልግሎት ማሸጋገር

በድረ ገጽ ላይ መስተጋብራዊ ካርታ ለመጀመር ቀላሉ መንገድ ሊፍሌት የተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ነው፤ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀውን ነጻ የዓለም ካርታ፣ የኦፕንስትሪትማፕን ታይሎች (ካርታው የተከፋፈለባቸውን ትንንሽ አራት ማዕዘን ቁራጮች) እየጠራ በጥቂት መስመር ኮድ አዲስ አበባን ያሳያል። ገጹን ግን ፋይሉን ጠቅ አድርጎ ከመክፈት ይልቅ በራስ ኮምፒውተር ላይ በተነሣ ትንሽ ሰርቨር በኩል ማየት ይገባል፤ አለበለዚያ በካርታው ላይ የሚቀመጡትን ነጥቦች የያዘው የዳታ ፋይል እንዳይነበብ ብራውዘሩ ስለሚከለክል ነጥቦቹ ሳይታዩ ይቀራሉ።

በቅድሚያ የሚመረመረው የቦታን አቀማመጥ የሚገልጹት ቁጥሮች ቅደም ተከተል ነው። ሊፍሌት ኬክሮስን፣ የቦታ ዳታ የሚጻፍበት ጂኦጄሰን የተባለው የፋይል ዓይነት ደግሞ ኬንትሮስን ያስቀድማል። ኬክሮሷ 9.03 እና ኬንትሮሷ 38.74 ቦታ ከተለዋወጡ አዲስ አበባ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ትወድቃለች፤ ሁለቱም ቁጥሮች ተቀባይነት ያላቸው በመሆናቸው ፕሮግራሙ ስሕተቱን አይጠቁምም።

ካርታው ለሕዝብ ሲከፈት የታይሉ ምንጭ መቀየር አለበት። የኦፕንስትሪትማፕ ሰርቨር በመዋጮ የሚተዳደር ስለሆነ ታይሎችን በጅምላ ማውረድን ይከለክላል፤ ለአገልግሎቱ መቀጠልም ዋስትና አይሰጥም። እኔ የምመርጠው ጂኦፋብሪክ የተባለው ድርጅት ከኦፕንስትሪትማፕ የሚያሰናዳውን የኢትዮጵያ ዳታ አውርዶ፣ ፕላኔታይለር በተባለው ፕሮግራም ታይሎቹን ሁሉ ወደሚይዝ አንድ የፒኤምታይልስ ፋይል መቀየርና እንደ ሊፍሌት ያለ የካርታ ላይብረሪ በሆነው በማፕሊብሬ ማሳየትን ነው። ብራውዘሩ ከዚህ ትልቅ ፋይል የሚፈልገውን ቁራጭ ብቻ ስለሚጠይቅ፣ ሰርቨሩ ፋይልን በከፊል መላክ የሚችል መሆን አለበት። ኤንጂንክስ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራም ይህን ያደርጋል፤ ለሙከራ የሚዘወተረው የፓይተን ሰርቨር ግን አያደርግም። በብራውዘሩ የኔትወርክ ገጽ ላይ የሰርቨሩ መልስ ኮድ 200 (ሙሉ ፋይል) ሳይሆን 206 (የፋይል ክፍል) መሆኑን ማየት በቂ ማረጋገጫ ነው።

የቦታ ስሞችን በአማርኛ ማሳየት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስታይሉ (የካርታውን መልክ የሚወስነው ፋይል) አስቀድሞ የአማርኛውን ስም፣ እርሱ ከሌለ ዋናውን ስም እንዲወስድ ይታዘዛል። ማፕሊብሬ ፊደላትን በ256 ቁምፊዎች ከተከፋፈሉ የፎንት ፋይሎች ስለሚያነብ፣ ለኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (የፊደላት መለያ ቁጥር) ከ4608 እስከ 4863 እና ከ4864 እስከ 5119 ያሉት ክፍሎች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከተባለው ፎንት ተሠርተው ሰርቨሩ ላይ መቀመጥ አለባቸው። እነዚህ ከጎደሉ መንገዶቹ ታይተው ስማቸው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ለአማርኛ አንባቢ የተሠራ ካርታ ደግሞ ያለ አማርኛ ስም ሥራውን አልሠራም።

የተጠቃሚውን ሥፍራ የሚያሳየው አዝራር፣ በራስ ኮምፒውተር ላይ ከሚደረግ ሙከራ በስተቀር፣ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ብቻ ይሠራል። ዳታው የኦፕንስትሪትማፕ አስተዋጽኦ አድራጊዎች መሆኑንም በካርታው ጥግ መጻፍ ግዴታ ነው። ዳታው ሲታደስ አዲሱን ፋይል በአሮጌው ላይ ከመጻፍ ይልቅ ቀን ባለው አዲስ ስም አስቀምጦ ስታይሉን ወደ እርሱ ማዞር፣ በካሽ (ብራውዘሩ ያየውን ለጊዜው በሚያስቀምጥበት ማከማቻ) የቀሩ አሮጌ ቁራጮች ከአዲሶቹ ጋር እንዳይደባለቁ ያደርጋል።