ቅቤ ሳይሆን ትል ማንጠር

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ጫማ ወይም ስልክ ይዞልኝ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ሁለት ሜትር የሚሆን ዘንግ፣ ቤይትካስተር የሚሏትን ሪል (ዘንጉ ላይ የምትታሰር የክር መጠቅለያ) እና አንድ ከረጢት የጎማ ትል አስታቀፈኝ። «ሐይቅ አፍንጫህ ስር እያለ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ።

እሱ እዚያ የሚያጠምደው ባስ የሚባል ዓሣ ነው። ባስ ፀሐይ ሲበረታ ከጀልባ ማቆሚያ ርብራብና ውሃው ላይ ካጎነበሱ ዛፎች ስር ጥላ ይዞ ይውላል። ከላይ ብትወረውርለት ቅርንጫፍ ይቀበልሃል። ስለዚህ ትሏን ልክ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደምናነጥረው በውሃው ገጽ ላይ ነጠር ነጠር እያደረጉ ከጥላው ስር ያስገቧታል። ድንጋይ ማንጠርማ ማን ያቅተዋል? ከርት ስታይነር የተባለ አሜሪካዊ በ2013 እ.ኤ.አ. አንዱን ድንጋይ 88 ጊዜ አንጥሯል። ድንጋይ ግን ከኋላው ክር አይጎትትም። የእኛ መከራ ክሩ ነው።

በተራዋ ሪል ስትወረውር ክሩ ከዳር እየተፈታ ይሄዳል እንጂ ክሩ የተጠቀለለበት ቦቢን አይዞርም። የቤይትካስተር ቦቢን ግን ራሱ ይሽከረከራል። ትሏ ውሃውን በነካች ቁጥር ትዘገያለች፤ ቦቢኑ ይህን የሚነግረው የለም፣ በጀመረበት ፍጥነት ይሾራል። የተፈታው ክር መሄጃ ያጣና እዚያው አብጦ ይተበተባል። ተራ ውርወራ አንዴ ነው ውሃ የሚነካው። ስታነጥር ግን አራት አምስቴ ይነካል፣ በእያንዳንዱ ንክኪ የመተብተብ አደጋ አለ። የክንድ ጉልበት ከዚህ አያድንህም። ቦቢኑ ላይ የተቀመጠው አውራ ጣትህ ነው የሚያድንህ፤ እኔ እዚህ የምጽፈውም በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

በመጀመሪያ ግን ሪሏን አስተካክላት። እዚህ ላይ ሙያዬ ጠቀመኝ። የስፌት መኪና ቦቢን ከነቤቱ ክሩን ይዘህ ስታንጠለጥለው ዝም ብሎ መውረድ የለበትም፤ ነቅነቅ ስታደርገው ትንሽ ወርዶ ይቆማል። የሪሏም ነገር ያው ነው። በእጀታዋ በኩል ትንሽ የምትዞር ቁልፍ አለች። ትሏን እሰር፣ ዘንጉን ከፊትህ ዘርጋና አውራ ጣትህን አንሳ። ትሏ ቀስ ብላ መውረድ፣ መሬት ስትነካ ደግሞ ቦቢኑ ወዲያው መቆም አለበት። ዱብ ካለች ቁልፏን አጥብቅ፣ አልወርድም ካለች አላላ። በሌላው ጎን የቦቢኑን ሽክርክሪት የሚያዘገየው ፍሬን አለ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይበልጥ ይይዛል። ቁጥሩ እስከ 10 ከሆነ በ8 ወይም በ9 ጀምር። ወንድሜ በ3 ይወረውራል። እኔም የእሱን አይቼ በ3 ጀመርኩና የመጀመሪያዋን ሌሊት በመርፌ ክር ስፈታ አነጋሁ። በማግስቱ ሱሪውን ሊወስድ የመጣው ደንበኛ ሱሪው እንዳልተነካ፣ እኔ ደግሞ ዓይኔ እንደቀላ አየ።

ክሩ ለጀማሪ ተራ ናይለን ይሁን፤ ውፍረቱ ሰባት ኪሎ ያህል የሚችል ቢሆን ይበቃል። የተጠለፈው ክር ጠንካራ ነው ብለው ቢያባብሉህ አትስማ፤ ሲተበተብ ራሱ ውስጥ ይሰምጥና መቀስ ያስመዝዝሃል። ቦቢኑንም ጢም አድርገህ አትሙላው፣ ከአፉ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር አጉድለው። ክሩ ሲያንስ ቦቢኑ ይቀላል፣ የቀለለ ቦቢን ደግሞ ቶሎ ይቆማል። ትሏ ጎማ፣ ወፈር ያለች፣ አንድ ጣት ተኩል የምትረዝም ትሁን። የመንጠቆውን ጫፍ ሰውነቷ ውስጥ ደብቀው፤ ያፈነገጠ ነገር ካለ ውሃ ይይዘዋል፣ ቅርንጫፍም ይወደዋል። ሦስት መንጠቆ የተንጠለጠለበትን የብረት ዓሣ ለዚህ ሥራ እርሳው።

ውርወራው ከጎን ነው። ትሏ ከዘንጉ ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ትንጠልጠል። ዝቅ በል፤ የዘንጉ ጫፍ ከጉልበትህ በታች ይሁን። ወደ ኋላ አጠር አድርገህ ሳብና በእጅ አንጓህ ቶሎ ወደ ፊት ምታ። ክንድህ ብዙ አይሂድ። ሲያልቅ የዘንጉ ጫፍ ወደ ዒላማው፣ እዚያው ዝቅ እንዳለ ማመልከት አለበት። የሁላችንም ጥፋት መጨረሻ ላይ ጫፉን ቀና ማድረግ ነው፤ ያኔ ትሏ ሽቅብ ትወጣና ቁልቁል ወርዳ ቧ! ትላለች። ቁልቁል የወደቀ ነገር አይነጥርም። በቀኝ እጅህ የምትወረውር ከሆነ ደግሞ ቀድመህ ስትለቅ ወደ ቀኝ፣ ዘግይተህ ስትለቅ ወደ ግራ ትሄድብሃለች። ይህን ካወቅህ ጥፋትህን ራስህ ታነባለህ።

ዓይንህ ጥላው ላይ አይተከል። ከጥላው በፊት ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ያለውን ውሃ እይ፣ የመጀመሪያዋ ንክኪ እዚያ ናት። አውራ ጣትህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ክሩን እንደ ሐር ጨርቅ ይዳብስ። ትሏ ውሃውን ስትነካ ጫን፣ ስትነሳ ለቀቅ፣ እንደገና ስትነካ ትንሽ ጠንከር፣ በመጨረሻው ድፍን አድርገህ አቁም። ጣትህ ከዓይንህ መቅደም አለበት፤ ሲያብጥ አይተህ ብትጫን ረፍዷል።

ሲተበተብ (አብሽር፣ ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል) አትጎትት። እናቴ ፈትል ሲወሳሰብባት «ክር ሲቆጡት ይብሳል» ትላለች፤ ልክ ናት። አውራ ጣትህን ቦቢኑ ላይ በኃይል ተጫንና እጀታውን አንድ ሁለት ዙር አዙር። ከዚያ ጣትህን አንሳና ክሩን በቀስታ ሳብ። ብዙ ጊዜ ይፈታል። አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ካለ የያዘችውን ቀለበት በመርፌ አንሳና ድገመው።

ልምምዱን ውሃ ዘንድ አትጀምር። እኔ ሱቅ ዘግቼ፣ ከመግሪብ በፊት ባለችው ብርሃን ግቢያችን ውስጥ ነው ሦስት ሳምንት የሠራሁት። መንጠቆውን ከመታጠፊያው ቆርጬ ጣልኩት። ደሴ በክረምት እርጥብ ሲሚንቶ አይቸግራትም፤ ጎማዋ ትል እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከውሃ ባልተናነሰ ትነጥራለች። ዒላማዬ እናቴ ቡና የምታፈላበት አግዳሚ ወንበር ስር ነበር። ከአምስት እርምጃ ጀምሬ እስከ አሥር ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ጎረቤት ያሰጣችው አንሶላ ውስጥ ገብታ፣ «ምንድን ነው ይኼ፣ እባብ ነው?» የሚል ጩኸት ሰፈሩን አናጋው። አንሶላ በሌለበት ሞክር።

ከአሥር ስምንቱ ወንበሩ ስር ሲገቡልህ ወደ ሐይቅ ሂድ። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ አይጠፋም። እኔ ሱብሂ ሰግጄ ነው የምነሳው፤ ንፋስ ከተነሳና ውሃው ከተጨማደደ ትሏ ማዕበሉ ጎን ላይ ትቀራለች። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል አልሄድም። እነ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ ላይ ቧ ቧ ማለት ደስ አይለኝም፤ ዳርቻው ሰፊ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኛ ጋ ባስ የለም። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይህን የሚያህል ትል ሊውጥ አፉም አይፈቅድለት፤ ተስፋህ አምባዛ ነው። የመጀመሪያ ቀኔ ላይ ወደ ውሃው ያጎነበሰች ሾላ ስር ከሃያ ጊዜ በላይ ወረወርኩ። መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ አባት ቆይተው ቆይተው፣ «ልጄ፣ ውሃዋ ምን በደለችህ? ከጠዋት ጀምረህ ትገርፋታለህ» አሉኝ። «አባባ፣ ከቅርንጫፉ ስር ላስገባት ብዬ ነው» አልኩ። «እሱንማ እኔም በታንኳ እሄድልህ ነበር።»

እሳቸው እያዩኝ የወረወርኩት ሁለት ጊዜ ነጥሮ ግንዱን መታ። ቀጣዩ ሦስቴ ነጠረና ጥላው ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ቦቢኑ ከጣቴ ስር ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አንድ ቀለበት እንኳ አልተነሳም። ትሏ እንድትሰምጥ ተውኩት። ክሩ መጀመሪያ ላላ፣ ከዚያ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ፣ ልብ በል፣ አልነዘረም፣ ሄደ ነው የምልህ። እጀታውን አዙሬ የላላውን ሰበሰብኩና ዘንጉን ቀና አደረግኩ። ክንዴን የምታህል ጺማም አምባዛ ነበረች። አባባ መረባቸውን ትተው መጥተው አዩዋት። ቀጥሎ ያዩት ትሏን ነው፤ ጨመቅ ጨመቅ አደረጓትና፣ «ይቺ እኮ አትበላም» አሉ።

ቤት ስትገባ ሪሏን በደረቅ ጨርቅ ጥረግና የቦቢኑ አክሰል ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርግ። የስፌት መኪና ዘይት ይሆናል፣ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። አንድ ጠብታ ብያለሁ፤ ካበዛኸው ወደ ፍሬኑ ይሄድና በማግስቱ 9 ላይ አድርገኸው እንደ 3 ይሾርብሃል። ያኔ መርፌህን አዘጋጅ፣ የሰው ሱሪም አትቀበል።