ለበጎ ፈቃድ ደሴ የሚመጡ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት ሲገባ ደሴና ኮምቦልቻ የተማሪ ቡድን አይጠፋቸውም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ የአቅመ ደካማ ቤት ያድሳል፣ ችግኝ ይተክላል፣ ደም ይለግሳል። ጉልበቱ አይታማም። ነገር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ «ይህ ሥራ ለእኛ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲታሰብ ነው።

ወሎን መቻቻል ለማስተማር መምጣት። «አብሮነት» የሚል ቲሸርት አሳትሞ የሚመጣ ቡድን አለ። ቲሸርቱስ ይሁን። ግን እዚህ አገር አንዱ ሰጋጅ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ የሆኑ ወንድማማቾችን ማግኘት ብርቅ አይደለም። ቅሬ ሲጠራ (ሌላው አገር እድር የሚለው ነው) ሁለቱም ወገን ለቀብር ይወጣል። ወሎን ጠብ የማያውቅ ገነት አድርጎ ማውራትም ያው ስህተት ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ ትንሽ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው ነበር። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገዷል። ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ከመጠመቃቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ። የዛሬው ጉርብትና ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ነው። ሽማግሌ ስታገኙ ጠይቁ እንጂ አታስተምሩ።

«ሁላችንም አንድ ነን» ብሎ አንድ የሥጋ ድስት መጣድ። የሙስሊም እርድ ለብቻ፣ የክርስቲያን ለብቻ ነው። ወሎ ሠርግ ላይ ይህን ማንም አይከራከርበትም፤ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ ጨዋታው ግን አንድ ላይ ነው። ለተማሪ ሽሮና ምስር ይበቃል። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ ስለሆነ የሚጾመውም አይቸገርም። ዓርብ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ጁምዓ አለ። ከባዱን ሥራ እዚያ ሰዓት ላይ አትደርድሩት።

ጃኬት መርሳት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ በቲሸርት ከተንቀጠቀጣችሁ ልትረዷቸው የመጣችሁት እናት ጋቢያቸውን አውልቀው ያለብሷችኋል።

በአንድ ቀን ምርጊት ጨርሶ መሄድ። ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ካልሰነበተ ይሰነጣጠቃል። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ አይደርቅም። ጠዋት ተለጥፎ ከሰዓት የረገፈ ግድግዳ አይቻለሁ፤ በማግስቱ የመረጉት ጎረቤቶች ናቸው። ክረምት ላይ የሚያፈስ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ መቀየር ወይም ጓሮውን ቦይ መቅደድ ይሻላል። መጀመሪያ የሰፈሩን ሰው አማክሩ።

ፎቶ። የተቀደደ ፍራሽና ጥቁር ድስት ፌስቡክ ላይ መለጠፍ የሰው ገመና አደባባይ ማውጣት ነው። «እማማ፣ ፎቶ እናንሳ?» ተብለው እሺ ቢሉም የት እንደሚለጠፍ ካላወቁ እሺታው እሺታ አይደለም።

ቡናውን «አይቸገሩ» ብሎ እምቢ ማለት። ከሁሉም የሚከፋኝ ይሄ ነው። ተማሪው ደግ የሆነ ይመስለዋል፤ እናትየዋ ያላቸውን እንዳልጨርስባቸው ማለቱ ነው። እሳቸው ግን ቡናውን ቆልተው፣ ጢሱን በእጃቸው ወደ እንግዳው እያራገቡ፣ ቄጠማ ባይኖር ሣር አስቆርጠው ጠብቀዋል። ቀኑን ሙሉ ስትሰጧቸው ቆይታችሁ የሚሰጧችሁን ካልተቀበላችሁ ተረጂ አድርጋችሁ ተዋችኋቸው። አቦልን ቀምሶ መሮጥም ያው ነው። ቶናው ላይ ነው ጨዋታው የሚደራው፣ በረካው ላይ ነው የሚመረቀው። ሰርቪሱ ይጠብቅ። የምርቃቱ ጊዜ ሁሉም እንደ ሃይማኖቱ አሜን ወይም አሚን ይላል፣ ማንም የጋራ ጸሎት አዘጋጅቶ ማንበብ አያስፈልገውም።

ማታ ክብ ሠርቶ «ምን ተሰማችሁ?» ማለት። መልሱ ይታወቃል። «ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ተምሬያለሁ።» ቀጣዩም እሱኑ ይደግማል። ጥያቄውን ጠበብ አድርጉት። ዛሬ ውሃ ሲያመላልስ የዋለው ማነው? እኛ ባንመጣ ይህን ቤት ማን ያድሰው ነበር? ምን ሲሠራ አፈራችሁ? የከፋው ካለም ይናገር። «ጾም ላይ ሆኜ ከባዱን ለእኔ ሰጣችሁኝ» የሚል ቅሬታ ከአሥር «ደስ ብሎኛል» ይበልጣል።

ለምን እንደመጣ ሲጠየቅ አንዱ ለአላህ ብዬ ነው ይላል። ሌላዋ «ተርቤ አብልታችሁኛል» የሚለውን ማቴዎስ 25ን ትጠቅሳለች። ሦስተኛው ጓደኛዬን ተከትዬ ነው ይላል፣ እሱም እውነቱን ነው። «ዞሮ ዞሮ ያው ነው» ብላችሁ አትጠቅልሉባቸው። የማይናገረውንም አታስጨንቁት። ከሳምንት በኋላ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ወሬው ሊመጣለት ይችላል፣ በተለይ አንዳችሁ ሰፈሩ ድረስ ደውላችሁ «ቆርቆሮው አሁንም ያፈሳል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ።