ከሚዞ ጽሑፍ ክምችት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን እንዴት እናጣራ?

ሚዞ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ በምትገኘው በሚዞራም ግዛት የሚነገር ቋንቋ ነው። የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1894 ያዘጋጁት ሎሬንና ሳቪጅ የተባሉ ሚሲዮናውያን ናቸው። ከድረ ገጾች የተለቀመ የሚዞ ጽሑፍ ስታጸዱ ከሁሉ በላይ የሚያደክማችሁ አጫጭሩ መስመር ነው።

በመጀመሪያ ከጥሬው ጽሑፍ አንድ ቅጂ ሳትነኩ አኑሩ። ቀጥሎ ፊደሉን አንድ ዓይነት አድርጉ። ሚዞ ከሥሯ ነጥብ ያለባት የ«ቲ» ፊደል አለችው፤ በኮምፒውተር ውስጥ አንዳንዴ እንደ አንድ ምልክት፣ አንዳንዴ ፊደልና ነጥብ ተለያይተው ይቀመጣሉ። ለዓይን አንድ የሆነው መስመር ለማሽኑ ሁለት ስለሚሆን፣ አንዱን ፊደል በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ብቻ የሚያስቀምጠውን የዩኒኮድ (የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት) ማስተካከያ ሳታስኬዱ ድግግሞሽ ማጥፋት አትጀምሩ።

ዓረፍተ ነገር ስትከፋፍሉ አራት ነጥባችን ትናፍቃችኋለች። በሚዞ ዓረፍተ ነገርን የሚዘጋውም፣ ስምን የሚያሳጥረውም ያው አንድ ነጥብ ነው። ነጠላ ትልቅ ፊደልን ተከትሎ በሚመጣ ነጥብ ላይ አትቁረጡ።

እኔ የተሰናከልኩት ከዚህ በኋላ ነው። «ከአራት ቃል በታች ያለውን ጣል» የሚለውን የተለመደ ደንብ ተቀብዬ ሠራሁበት። ነገር ግን እኛ በአንድ ግስ የምንቋጥረውን ሚዞ ዘርዝሮ ይጽፈዋል። «አልሄደም» ለማለት «አ ካል ሎ» ይላል፦ «አ» እሱ ወይም እሷ፣ «ካል» መሄድ፣ «ሎ» አፍራሽ ቃል። «ትሄዳለህ?» «ኢ ካል ኤም?» ነው፤ «አመሰግናለሁ» ደግሞ «ካ ሎም ኤ»። ሦስቱንም ወንፊቴ ጣላቸው። በእጄ የቀረው ዜናና ስብከት ብቻ ሆነ፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚነጋገርበት ሚዞ ከክምችቱ ጠፋ። ጥሬውንም ቅጂ ደምስሼው ስለነበር የሦስት ሳምንት ለቀማ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ስለዚህ ቃል ሳይሆን ምንጭ ቁጠሩ። አንድ አጭር መስመር በአንድ ድረ ገጽ ላይ ብቻ መቶ ጊዜ ከተደጋገመ የማውጫ ጽሑፍ ነው፤ ይጣል። በአምስት የተለያዩ ድረ ገጾች ከተገኘ ግን ሰዎች በእርግጥ የሚሉት ሊሆን ስለሚችል አንዱን አስቀሩ።

ቋንቋ የሚለዩ ፕሮግራሞችን በነጠላ አጭር መስመር ላይ አልጠቀምም። «አ»፣ «ኢን» እና «አን» የተባሉት የሚዞ ተውላጠ ስሞች በላቲን ሲጻፉ ከእንግሊዝኛ ቃላት ጋር ፊደል በፊደል አንድ ስለሆኑ ፕሮግራሞቹን ያሳስቷቸዋል። ቋንቋውን ከሙሉው ገጽ ለዩ፤ ከዚያ በገጹ ውስጥ ግልጽ እንግሊዝኛ የሆነውን መስመር ብቻ አውጡ።

ከእያንዳንዱ አጭር ዓረፍተ ነገር ጋር ከፊቱ የነበረውን አብራችሁ አስቀምጡ። ሚዞ ትርጉም የሚለይበት የድምፅ ቅላጼ አለው፤ በተለመደው ጽሑፍ ግን አይታይም። «አለ» የሚለውን ብቻውን ያነበበ ሰው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» እንደማያውቅ ሁሉ፣ የሚዞ አንባቢም በዙሪያው ያለውን ጽሑፍ ማየት ይፈልጋል። ከዚያ 200 ያህል መስመሮችን በዘፈቀደ መርጣችሁ ለሚዞ ተናጋሪ ስጡና «ይህን ትላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አንልም» ያላችሁን መስመር ዓይነት ይዛችሁ ወደ ወንፊታችሁ ተመለሱ።