እዚህ የተዋችሁት ሲም፣ እዚህ የሚሠራው ውክልናችሁ

እናንተ ውጭ ስትኖሩ ሌባ አዲስ አበባ ላይ ከገንዘባችሁ በፊት የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ስልክ ቁጥራችሁንና ውክልናችሁን። ሁለቱን የያዘ ሰው የቀረው ሁሉ ይቀለዋል።

ከሲሙ እንጀምር። ብዙዎቻችሁ ለእህት ወይም ለአክስት ልጅ ትታችሁት ሄዳችኋል። የአንዳንዶቻችሁም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ባንኩም ሆነ የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ቴሌብር የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው ግን ወደዚያው ቁጥር ነው። ሲሙን የያዘ ሰው ፒናችሁን ካወቀ ሂሳባችሁን አገኘው ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ደግሞ ይዘጋል፤ ቆይቶም ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። ያኔ የባንካችሁ መልእክት የሚደርሰው የማታውቁት ሰው ጋ ነው።

ስለዚህ ለእረፍት ስትመጡ አንድ ጠዋት ለዚህ ጉዳይ መድቡ። ሂሳባችሁ ንግድ ባንክ ከሆነ ቅርንጫፉ ገብታችሁ የትኛው ስልክ እንደተመዘገበ ጠይቁ። ከዚያ ኢትዮ ቴሌኮም ሄዳችሁ ሲሙ በእናንተ ስም መሆኑን አረጋግጡ። በወንድም ስም የወጣ ሲም ቢጠፋ ማስተካት የሚችለው ወንድም ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ሮሚንጉ በምትኖሩበት አገር የሚሠራ ከሆነ ሲሙን ይዛችሁት ሂዱ። ካልሆነ፣ ሂሳቡንም በስልክ የማታንቀሳቅሱት ከሆነ፣ ሞባይል ባንኪንጉን አዘጉት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የንግድ ባንክ 951፣ የቴሌብር 127 እና የኢትዮ ቴሌኮም 994 አገር ውስጥ የሚሠሩ አጭር ቁጥሮች ናቸው። ችግር ሲመጣ ከውጭ ስልክ ደውላችሁ ላታገኟቸው ትችላላችሁ። ስለዚህ የቅርንጫፋችሁን ሙሉ ስልክ ቁጥር ከመሄዳችሁ በፊት ያዙ።

አሁን አሁን የሚደወለው እንዲህ እያለ ነው፦ «ከባንክ ነው የምደውለው፤ ፋይዳዎን ከሂሳብዎ ጋር ላስተሳስርልዎ፣ አሁን የሚደርስዎትን ቁጥር ይንገሩኝ።» ፋይዳን፣ ማለትም ብሔራዊ መታወቂያውን፣ ከባንክ ሂሳብ ጋር ማስተሳሰር በእርግጥ ያለ ነገር ነው፤ ውሸቱ የሚታመነውም ለዚህ ነው። ኮድ በስልክ የሚጠይቃችሁ ሰው ግን የባንክ ሠራተኛ አይደለም። ባለ 12 አኃዙን የፋይዳ ቁጥርና የፓስፖርታችሁን ፎቶም ለደላላ በቴሌግራም አትላኩ። አንዴ ከእጃችሁ ከወጣ ማን ጋ እንደሚደርስ አታውቁም።

ወደ ውክልናው ልምጣ። ኤምባሲ ቆማችሁ የፈረማችሁት ወረቀት አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ የያዘው ሰው በእናንተ ምትክ ይፈርማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን በደንብ ለይቶታል። በአንቀጽ 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት አንቀጽ 2205 ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል።

ታዲያ አደጋው ከየት ይመጣል? ተዘጋጅቶ ከሚጠብቃችሁ ጽሑፍ ነው። «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ ከባንክ ወጪ ለማድረግ» የሚሉት ቃላት ብዙ ጊዜ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሆነው ይጻፋሉ። ኪራይ እንዲሰበስብላችሁ የወከላችሁት ዘመድ በዚያ ወረቀት ቤቱን መሸጥም ይችላል። ሰልፉ ቢረዝምም፣ ጸሐፊው ቢቸኩልም፣ እያንዳንዱን መስመር አንብቡ። የማያስፈልገውን አስወጡ። የቤት ጉዳይ ለአንዱ፣ የባንክ ጉዳይ ለሌላው ቢሆን እኔ እመርጣለሁ።

ውክልና በፈለጋችሁ ጊዜ ይሻራል፤ ሕጉ ይፈቅድላችኋል። ነገር ግን በልባችሁ መሻር ወይም በስልክ «ከእንግዲህ ተወው» ማለት አይበቃም። መሻሪያውን በጽሑፍ አድርጉ፤ ሰነዶች ማረጋገጫ መድረሱን አረጋግጡ፤ ለባንኩና ቤቱ ላለበት ወረዳ አሳውቁ፤ የቀድሞውን ወረቀትም ከተወካዩ ተቀበሉ። ባንኩና ወረዳው ካላወቁ ግን ተወካዩን በአሮጌው ወረቀት ሊያስተናግዱት ይችላሉ። ይሉኝታ ይዞን ይህን የምንዘለው ብዙ ነን። ዘመድ እንዳይቀየም ብላችሁ የዕድሜ ልክ ድካማችሁን ክፍት አትተዉት፤ ቅን ሰው የወረቀት ሥራ አያስቀይመውም።

መሃል ከተማ ቤት ለነበራችሁ ደግሞ ለብቻ የምለው አለ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ውስጥ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል። «ምትክ ቦታ ወጥቶላችኋል፣ ለማስፈጸሚያ ላኩ» የሚል ስልክ ቢደርሳችሁ ቀልባችሁ መነሣቱ አይቀርም። አትላኩ። የምታምኑት ሰው ወረዳው ድረስ በአካል ሄዶ ይጠይቅ። በግለሰብ ሂሳብ የሚከፈል የመንግሥት ክፍያ የለም።

«እማማ ጥቁር አንበሳ ገብታለች፣ ቶሎ ላክ» የሚለውም እንዲሁ ነው። መልእክቱ ከእህታችሁ ቴሌግራም ቢመጣም አካውንቷ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። ደውሉ፣ ድምጿን ስሙ፣ ካልተነሣ ጎረቤት ጋ ደውሉ። ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀው አንድ ቃል ተስማሙ። የሁላችሁም ቴሌግራም ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፤ እናት አባታችሁ ስልክ ላይ እናንተው አብሩላቸው።

ክፍያ ሲፈጸም ስክሪንሾት አይበቃችሁም፤ በቀላሉ ይሠራል። የዝውውር ቁጥሩን ጠይቁና ገንዘቡ መግባቱን ተቀባዩ ከራሱ ሂሳብ ያረጋግጥ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ምንዛሪ በገበያ እየተወሰነ ነው፤ ሆኖም ጥቁር ገበያው አልጠፋም። በዚያ መንገድ የምትልኩት ብር ወደ እናታችሁ ሂሳብ የሚገባው ከማታውቁት ሰው ነው። ያ ሰው ተጠርጥሮ ቢመረመር የእናታችሁም ሂሳብ ሊታገድ ይችላል።

ገንዘብ ሄዶ ከሆነ ባንኩ ሂሳቡን እንዲያግድ አድርጉ፤ ዘመድ ቅርንጫፉ ይሂድ፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጋ። ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ከሌባው ጋር የተጻጻፋችሁትን ፎቶ አንሡ። ቴሌግራም ላይ እሱ ሲያጠፋው ከእናንተም ስልክ ሊጠፋ ይችላል።