መስኮት ከመቀየራችሁ በፊት ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት

ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን አሮጌ ነው። መስኮት ሻጩ «40 በመቶ ትቆጥባላችሁ» ሲለን ደስ ብሎን ቀብድ ከፈልን። ሒሳቡን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ሥሩት።

የየመስኮቱን ወርድና ቁመት በኢንች ለክታችሁ አባዙ፤ ለ144 ስታካፍሉት ስኩዌር ፊት ይሆናል። የኛ ሲደመር 150 መጣ።

ቀጥሎ ዩ-ፋክተር። በመስኮቱ በኩል ሙቀት ምን ያህል እንደሚያመልጥ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ይሻላል። የአዲሱ መስኮት መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይመጣል፤ ያሳዩን 0.30 ይላል። መከራው የአሮጌው ነው። ነጠላ መስታወት ከሆነ ወደ 1.0፣ ድርብ ከሆነ ወደ 0.5 ብላችሁ ያዙ።

እኔ የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው። ሳሎን ቆሜ አየሁና «ነጠላ ነው» ብዬ 1.0 ጻፍኩ። ለካ ከደጅ በኩል ስቶርም ዊንዶው የሚሉት ተጨማሪ መስታወት ተገጥሞበታል! እሱ ካለ ነጠላውም ወደ 0.5 ይወርዳል። መጋረጃ ገልጦ ማየት አይበቃም፤ ወጥታችሁ ቤቱን ዙሩት።

ሦስተኛው የአካባቢው ብርድ ነው፤ ሂቲንግ ዲግሪ ዴይ ይባላል። የየዕለቱ አማካይ ሙቀት ከ65 ፋራናይት በስንት እንዳነሰ ዓመቱን ሙሉ ይደመራል። አማካዩ 40 የሆነ ቀን 25 ይቆጠራል። ዋሽንግተን አካባቢ በዓመት ወደ 4,000 ነው። ሚኒያፖሊስ ከ7,000 በላይ ስለሆነ እዚያ ያላችሁ ቢያንስ በዚህ ትጠቀማላችሁ።

አሁን አባዙ፦ ስፋት × የዩ-ፋክተር ልዩነት × 4,000 × 24 ሰዓት። በተሳሳተው ቁጥሬ 150 × 0.7 × 4,000 × 24 = 10,080,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ሆነ። ለ100,000 ሲካፈል 100.8 ቴርም ነው፤ ቴርም የጋዝ ቢል የሚታሰብበት መለኪያ ነው። ቤቱን የሚያሞቀው ፈርነሳችን ከሚያቃጥለው ጋዝ ለቤቱ የሚያደርሰው 80 በመቶውን ብቻ ስለሆነ ለ0.8 አካፈልኩት፤ 126 ቴርም። አንዱን ቴርም በ1.50 ዶላር ስይዘው በዓመት 189 ዶላር። የእናንተን ዋጋ ከጋዝ ቢላችሁ ላይ ውሰዱ።

ልዩነቱን ወደ 0.2 ሳስተካክለው ግን 54 ዶላር ብቻ ቀረ። የተጠየቅነው 9,000 ዶላር ነበር፤ ወጪውን ለመመለስ ወደ 167 ዓመት ማለት ነው!

ሻጩ ዋሸ ማለት አልችልም። ከ0.5 ወደ 0.30 መውረድ 40 በመቶ ነው። የቀነሰው ግን በመስኮቱ የሚያመልጠው ሙቀት እንጂ ቢሉ አይደለም።

በፍሬሙ ዳር የሚገባው ንፋስ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። እሱን ኮልክ በሚባለው የስንጥቅ መድፈኛ አንድ ቅዳሜ ደፈንኩት፤ ብርዱ የቀነሰልን ያኔ ነው። ቀብዱ አልተመለሰም።