ኤምአይቲጂሲኤምን ኮምፓይል አድርጎ ማስኬድ፦ ከምንጭ ኮድ እስከ መጀመሪያው አዙሪት

የውቅያኖስ ሞዴል አንድ የሚያስቸግር ጠባይ አለው። አንዲት የስህተት መልእክት ሳያወጣ ሥራውን ይጨርስና በምድር ላይ የሌለ ባሕር ያስረክባል። ፕሮግራሙን ኮምፓይል ማድረግ (ምንጭ ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፋይል መለወጥ) እና ማስኬድ ለለመደው ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የወጣው ቁጥር በእርግጥ የፈሳሽን ሕግ የተከተለ መሆኑን ማወቅ ግን ከመጀመሪያው ትእዛዝ ጀምሮ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ መልሱ አስቀድሞ ከሚታወቅ ትንሽ ሙከራ ይነሣል፤ ያ ሙከራ እስኪሳካ ድረስ የራስን ባሕር መጀመር አይገባም።

ለምሳሌነት የመረጥሁት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረውን ኤምአይቲጂሲኤምን ነው። ውቅያኖስን በኮምፒውተር የማስላት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኪርክ ብራያንና በማይክል ኮክስ ጥረት መልክ ከያዘ ወዲህ ብዙ ሞዴሎች ተጽፈዋል፤ ይህኛው ግን ለጀማሪ የሚመች ሁለት ነገር አለው። ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሲሆን ከነመማሪያ ሙከራዎቹና ከነሚጠበቁት ውጤቶች ይወርዳል። ደግሞም ያው ኮድ በአንድ ላፕቶፕም፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ፕሮሰሰሮችም ላይ ስለሚሠራ በላፕቶፕ የተማሩት ነገር በሱፐር ኮምፒውተር ላይም ያገለግላል።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ሊኑክስ ወይም ማክ ያለው ኮምፒውተር፣ ሞዴሉ የተጻፈበት የፎርትራን ቋንቋ ኮምፓይለር፣ ሜክ የተባለው የግንባታ መሣሪያ፣ ኮዱን ለማውረድ ጊት፣ ውጤቱን ለማየት ደግሞ ፓይተን። ከኮምፓይለሮቹ ጂፎርትራን በነፃ የሚገኝ በመሆኑ ከእርሱ መጀመር ይሻላል። ኔትሲዲኤፍ (የሳይንስ መረጃን በፋይል የሚያስቀምጥ ላይብረሪ) እና ኤምፒአይ (ብዙ ፕሮሰሰሮች መልእክት የሚለዋወጡበት ላይብረሪ) ለመጀመሪያው ቀን አያስፈልጉም፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ለማገናኘት የሚሞክር ሰው ችግሩ ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል። በኋላ ኔትሲዲኤፍን ሲጨምሩ ግን የላይብረሪው የፎርትራን ክፍል ሞዴሉን በሚገነባው በዚያው ኮምፓይለር የተገነባ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዱ ኮምፓይለር የጻፈውን የፎርትራን ሞጁል ፋይል ሌላው አያነበውም።

ኮዱ ከወረደ በኋላ ቬሪፊኬሽን የሚባለውን ፎልደር ከፍተው ቱቶሪያል ባሮትሮፒክ ጋይር የሚለውን ሙከራ ይፈልጉ። ጋይር በነፋስ የሚነዳ ትልቅ የውቅያኖስ አዙሪት ነው። ሙከራው ጎኑ 1200 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 5000 ሜትር በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ባሕር ላይ ነፋስ ያነፍሳል፤ ባሕሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ንብርብር ብቻ ነው። በውስጡ ኮድ፣ ኢንፑት፣ ቢልድ፣ ረንና ሪዛልትስ የተባሉ ፎልደሮች አሉ። በኮድ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ማንኛውም ፋይል በዋናው ምንጭ ኮድ ውስጥ ያለውን ስመ ሞክሼውን ይተካል፤ ስለዚህ ዋናውን ኮድ በፍጹም ሳይነኩ የራስዎን ማሻሻያ በዚያ ፎልደር ብቻ መያዝ ይችላሉ።

ከእነዚህ ፋይሎች ሁሉ በመጀመሪያ መነበብ ያለበት ሳይዝ.ኤች ነው። ሞዴሉ ባሕሩን በሣጥኖች ይከፋፍላል፤ ሣጥኖቹን ደግሞ ታይል በሚባሉ ቁራጮች ያደራጃል። በዚህ ሙከራ አንድ ታይል በየአቅጣጫው 31 ሣጥን አለው፤ በየአቅጣጫው 2 ታይል ስላለ ጠቅላላው 62 በ62 ይሆናል። ዳር ዳሩ ደረቅ መሬት ስለሆነ ውኃ ያለባቸው ሣጥኖች በየአቅጣጫው 60 ናቸው፤ የእያንዳንዱ ጎን 20 ኪሎ ሜትር በመሆኑም 1200 ኪሎ ሜትሩ በትክክል ይሞላል። እንዲህ ያለውን ስሌት በወረቀት ላይ መሥራት ቀላል ቢመስልም ብዙ ስህተት የሚያዘው በዚህ ነው። ቁጥሮቹ ወደ ፕሮግራሙ የሚገቡት በኮምፓይል ጊዜ ስለሆነ ሳይዝ.ኤችን የለወጠ ሰው እንደገና መገንባት አለበት፤ አለዚያ የሚሠራው በአሮጌው መጠን ነው።

አሁን ወደ ቢልድ ፎልደር ይግቡና በቱልስ ፎልደር ውስጥ የሚገኘውን ጄንሜክ2 የተባለ ስክሪፕት ያስነሡ። ሁለት ነገር ይነግሩታል፦ በሞድስ አማራጭ የሙከራው ኮድ ፎልደር የት እንዳለ፣ በኦፍ አማራጭ ደግሞ ለኮምፒውተርዎና ለኮምፓይለርዎ የሚስማማው የአማራጮች ፋይል የትኛው እንደሆነ። ለ64 ቢት ሊኑክስና ለጂፎርትራን የተዘጋጀው ሊኑክስ ኤኤምዲ64 ጂፎርትራን የሚል ስም አለው። ጄንሜክ2 ራሱ ኮምፓይል አያደርግም፤ ኮምፒውተሩን መርምሮ ሜክፋይሉን ይጽፋል። ቀጥሎ ሜክ ዲፔንድ፣ ከዚያም ሜክ የሚሉትን ትእዛዞች በተራ ይስጡ። ሁሉም ከተሳካ ኤምአይቲጂሲኤምዩቪ የሚባል ሊሠራ የሚችል ፋይል በዚያው ፎልደር ይገኛል።

ካልተሳካ ተርሚናሉ መጨረሻ ላይ ያሳየዎትን መስመር ትተው ወደ ላይ በመመለስ የመጀመሪያውን ስህተት ይፈልጉ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙውን ጊዜ የእርሱ ውጤቶች ናቸው። አንድ የተለመደ ምሳሌ ልጥቀስ። ጂፎርትራን ከሚገኝበት የኮምፓይለሮች ስብስብ ከጂሲሲ 10ኛ እትም ጀምሮ ጂፎርትራን አንድ ንዑስ ፕሮግራም በተለያየ ዓይነት ግቤት መጠራቱን እንደ ስህተት ይቆጥራል፤ የቆዩ የፎርትራን ኮዶች ግን ይህን በብዛት ስለሚያደርጉ ትናንት ይገነባ የነበረ ሞዴል ኮምፓይለሩ በታደሰ ማግስት እምቢ ሊል ይችላል። መፍትሔው ኮምፓይለሩ አለመጣጣሙን በማስጠንቀቂያ እንዲያልፈው የሚያደርገውን አማራጭ በአማራጮች ፋይሉ ውስጥ መጨመር ነው፤ አዳዲሶቹ የሞዴሉ እትሞች ከዚህ ጋር ተስማምተው ስለሚመጡ እትሙን ማደስም ይበቃል።

ለማስኬድ በኢንፑት ፎልደር ያሉትን ፋይሎችና የተገነባውን ፕሮግራም ወደ ረን ፎልደር ያምጡ፤ ከዚያም ፕሮግራሙን አስነሥተው የሚጽፈውን ሁሉ ወደ አንድ ፋይል ይምሩ። ገና ሲነሣ ሴግመንቴሽን ፎልት ብሎ ከወደቀ ኮዱን ከመጠርጠርዎ በፊት በዚያው ተርሚናል ላይ የስታክ ማህደረ ትውስታውን ገደብ ያንሡ፤ ትልልቅ ድርድሮችን የሚይዙ የፎርትራን ፕሮግራሞች በዚህ ምክንያት ደጋግመው ይወድቃሉ። ሙከራው እንደወረደ 10 የጊዜ እርምጃ ብቻ ስለሚሄድ ወዲያው ያልቃል፤ በመጨረሻው መስመር በሰላም መጨረሱን የሚገልጽ ቃል ይጻፋል። ይህ ቃል የሚመሰክረው ፕሮግራሙ አለመውደቁን እንጂ ውጤቱ ትክክል መሆኑን አይደለም። ውጤቱን በሪዛልትስ ፎልደር ውስጥ ካለው ጋር ያወዳድሩ፤ ቴስትሪፖርት የሚባለው ስክሪፕት ይህንኑ ሠርቶ ስንት አኃዝ እንደተመሳሰለ ይነግርዎታል። ኮምፓይለርና ፕሮሰሰር ሲለያዩ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ቢለያዩ አያስደነግጥም፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው አኃዝ ላይ ከተለያየ ግን ወደ ፊት አይሂዱ።

የሩጫው ቅንብር በአብዛኛው ዳታ በሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። ሰዎች ቁጥሮቹን ከሌላ ሙከራ ገልብጠው ሲያልፉ ሳይ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቁጥር በእጅ ሊሰላ የሚችል አካላዊ ምክንያት አለው። የጊዜ እርምጃውን እንውሰድ። በ5000 ሜትር ጥልቀት ላይ የባሕር ገጽ ማዕበል የሚጓዝበት ፍጥነት የስበትና የጥልቀቱ ብዜት ካሬ ሥር ነው፤ 9.81 በ5000 ተባዝቶ ካሬ ሥሩ ሲወጣ በሴኮንድ 221 ሜትር ይሆናል። ይህ ማዕበል 20 ኪሎ ሜትሩን ሣጥን በ90 ሴኮንድ ገደማ ያቋርጠዋል። ሞዴሉ ይህን ማዕበል በግልጽ እየተከተለ ቢያሰላ ኖሮ የጊዜ እርምጃው ከዚያ ማነስ ነበረበት። ሙከራው ግን 1200 ሴኮንድ ይጠቀማል፤ ይህን ያስቻለው የባሕሩን ገጽ ከፍታ በየእርምጃው በአንድ ላይ የሚፈታው ዘዴ ሲሆን፣ ለፈጣኑ ማዕበል ያለውን ትክክለኛነት መሥዋዕት አድርጎ ለዝግተኛው የውኃ ዝውውር ረጅም እርምጃ ይሰጣል። የሚቀረው ገደብ የውኃው የራሱ ጉዞ ነው፤ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሄድ ጅረት በ1200 ሴኮንድ 1.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ከሣጥኑ 6 ከመቶ አያልፍም። ስለ ሱናሚ ወይም ስለ ሌላ ፈጣን የባሕር ገጽ ማዕበል ለማጥናት ያሰበ ሰው ግን ይህንኑ እርምጃ ይዞ መሄድ የለበትም።

ቪስኮሲቲውም፣ ማለትም የውኃው ውስጣዊ ሰበቃ መጠን፣ እንዲሁ ነው። በሴኮንድ 400 ካሬ ሜትር የሚለው ቁጥር በምዕራቡ ዳርቻ የሚፈጠረውን ጠባብ ጅረት ስፋት ይወስናል፤ ዎልተር ሙንክ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣው ቀመር ሲሰላ ስፋቱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም 6 ሣጥን ይሆናል። ስፋቱ የሚከተለው የቪስኮሲቲውን ኩብ ሥር ስለሆነ ቁጥሩን ወደ 50 ቢቀንሱት ጅረቱ በግማሽ ጠቦ 3 ሣጥን ላይ ይቀራል። ከዚያ በታች የሣጥኖቹ ፍርግርግ ጅረቱን መሸከም ያቅተውና ፍጥነቱ ከሣጥን ወደ ሣጥን እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል።

የግቤት ፋይሎቹ ሌላ ትኩረት የሚሹ ናቸው። የጥልቀቱና የነፋሱ ፋይሎች ርእስ የሌላቸው ባይነሪ ፋይሎች ናቸው፤ ሞዴሉ የባይቱን ቅደም ተከተል በቢግ ኤንዲያን (ትልቁ ባይት ቀድሞ) ይጠብቃል፣ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ግን በተፈጥሯቸው በሊትል ኤንዲያን (ትንሹ ባይት ቀድሞ) ይጽፋሉ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የነፋሱ 0.1 ኒውተን በካሬ ሜትር ከዜሮ በታች 430 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ይነበባል፤ ይህ ስህተት ሞዴሉን ወዲያው ስለሚያፈነዳው ቶሎ ይታያል። የጥልቀቱ 5000 ሜትር ግን ሲገለበጥ ከዜሮ የማይለይ ደቃቅ ቁጥር ይሆንና ባሕሩን በሙሉ ወደ ደረቅ መሬት ይለውጠዋል። እኔ ራሴ ግማሽ ቀን ያህል ጅረት ለምን እንዳልተነሣ በነፋሱ ቅንብር ውስጥ ስፈልግ ቆይቼ፣ በመጨረሻ የጥልቀቱን ፋይል በሥዕል ሳወጣው ነበር ውኃ እንደሌለ ያየሁት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የግቤት ፋይል ሞዴሉ እንዳነበበው አድርጌ በሥዕል ሳላይ አላስኬድም። የፋይሉን መጠን መመልከትም ይረዳል፤ 62 በ62 ሣጥን በ4 ባይት ሲባዛ 15,376 ባይት ነው፣ ከዚህ የተለየ ከሆነ ቅርጹ ወይም የቁጥሩ ዓይነት ተሳስቷል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ሩጫውን ያራዝሙ። 77,760 እርምጃ በ1200 ሴኮንድ ተባዝቶ በሞዴሉ የ360 ቀን ዓመት አቆጣጠር 3 ዓመት ይሆናል። ሩጫው እየሄደ ሳለ በመዝገቡ ውስጥ ኤምኦኤን የሚል ምልክት ያለባቸውን መስመሮች ይከታተሉ፤ የገጹ ከፍታና የፍጥነቱ ታላላቅና ታናናሽ ዋጋዎች፣ እንዲሁም ከላይ በእጅ ያሰላነው ሬሾ፣ ማለትም ጅረቱ በአንድ እርምጃ የሚጓዘው የሣጥኑ ድርሻ፣ እዚያ ተጽፈዋል። ፍጥነቱ መጀመሪያ ቶሎ አድጎ ቀስ በቀስ ሲረጋ ጤናማ ነው። በእያንዳንዱ ጽሕፈት እጥፍ እየሆነ ከሄደ ናን (ቁጥር ያልሆነ ውጤት) የሚለው ቃል እስኪመጣ ሳይጠብቁ አቁመው የጊዜ እርምጃውን ይመርምሩ። በመጨረሻ የባሕሩን ገጽ ከፍታ ሥዕል ሲያወጡ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ የሚዞር አንድ አዙሪት፣ በምዕራቡ ዳርቻም ጠባብና ኃይለኛ ጅረት ይታያል። ሄንሪ ስቶመል እ.ኤ.አ. በ1948 እንዳሳየው ይህ ወደ ምዕራብ መጥበብ የሚመጣው ከምድር መሽከርከር የሚመጣው የኮሪዮሊስ ኃይል ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሚለዋወጥ ነው፤ የገልፍ ጅረትና ኩሮሺዮ በየውቅያኖሳቸው ምዕራብ የተቀመጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ለማረጋገጥ ቤታ የሚባለውን የዚህን ለውጥ መጠን ዜሮ አድርገው ይድገሙት፤ አዙሪቱ ወደ መሐል ይመለሳል። ለእኔ ሞዴሉ ሠራ የምለው ይህን ሳይ ነው።

ወደ ብዙ ፕሮሰሰር ሲሻገሩ አራቱ ታይሎች ለአራት ሂደቶች እንዲከፋፈሉ ሳይዝ.ኤችን ይለውጡ፣ ጄንሜክ2ን በኤምፒአይ አማራጭ ደግመው ያስነሡ፣ ሁሉንም አጽድተው ይገንቡ። ለዚህ ትንሽ ባሕር ፍጥነት አይጠብቁ፤ የታይሉ መደራረቢያ፣ ማለትም ከጎረቤት ታይሎች ተቀድቶ ዙሪያውን የሚያዘው ጠርዝ፣ 2 ሣጥን ከሆነ ለ961 ሣጥን 264 የጎረቤት ሣጥን ይያዛል፣ ጊዜውም በመልእክት ልውውጥ ይባክናል። የዚህ ሩጫ ጥቅም ውጤቱ ከአንድ ፕሮሰሰሩ ጋር መስማማቱን ማየት ነው።

ረጅም ሩጫ መቋረጡ ስለማይቀር ፒክአፕ የሚባሉትን የመቀጠያ ፋይሎች አስቀድመው ይፈትኑ። ሞዴሉ ቀጣዩን እርምጃ ለማስላት ያለፈውንም እርምጃ ለውጥ ስለሚጠቀም፣ እነዚህ ፋይሎች ለሥዕል ከሚወጡት የፍጥነትና የከፍታ ፋይሎች የበለጠ ነገር በ64 ቢት ይይዛሉ፤ በሥዕል ፋይሎች መቀጠል አይቻልም። ፈተናው አጭር ነው፦ 10 እርምጃ በአንድ ጊዜ ያስኬዱ፣ ከዚያ 5 እርምጃ አስኬደው አቁመው ከፒክአፑ 5 ይቀጥሉ። በዚያው ኮምፒውተርና በዚያው ፕሮግራም ሁለቱ የመጨረሻ ፒክአፖች እስከ መጨረሻው ባይት መመሳሰል አለባቸው። ካልተመሳሰሉ አንድ የሁኔታው ክፍል አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ያ ክፍል በኮድ ፎልደር ውስጥ በራስዎ የጨመሩት ነው።